ለየኔ ቢጤ ስለ መስጠት

ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጐንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ወረታ ሳይደረስ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው ከገበያዋ ቀን ነው፤ ገበያዋ ሐሙስ ሐሙስ ይቆማልና። በዚያው በደራ አገር ዐርብ ገበያ የምትባል ሌላ ከተማ አለች፤ የእርሷም ስም እንዲሁ ከቀኑ የመጣ ነው። የገበያው ቀን በደረሰ ጊዜ የፎገራ ሜዳ ገበሬዎች ሩዙን፥ ጤፉን፥ ጓያውንና ሽንኵርቱን በአህያ ጭነው፥ በሬውንና ላሙን እየነዱ ይመጣሉ። ሴቶች ዶሮና እንቍላል፥ ቅቤና በርበሬ ይዘው ይቀመጣሉ።

ገበያ ባለበት ሁሉ የሚሸጥ ነገር የሌላቸው ሰዎችም ይመጣሉ። በመንገድ ዳር፥ መኪና በሚቆምበት ስፍራና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጠው፥ «ስለ ማርያም»፥ «ስለ እግዚአብሔር»፥ «ስለ አላህ» እያሉ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ከእነርሱ ውስጥ ማታ የሚገባበት ቤት ያለው አለ፤ በሱቅ በረንዳ ሥር ማዳበሪያ ለብሶ የሚያድርም አለ።

ጨው እንዲገዛ ወደ ገበያ የተላከ ልጅ የተረፈውን ብር በእጁ ጨብጦ በእነዚህ ሰዎች ፊት ሲያልፍ፥ ልስጥ ወይስ አልስጥ ብሎ ያስባል። ጥያቄው ለልጅ ብቻ ሳይሆን ለዐዋቂም የሚያስቸግር ነው። ገንዘቡ የእናቱ ከሆነ ግን አስቀድሞ እርሷን መጠየቅ ይገባዋል፤ በሰው ገንዘብ ቸር መሆን ቀላል ነውና።

በአማርኛ ለማኙን ለማኝ ብሎ መጥራት የሚያሳፍር ስለ መሰለ፥ ሰዎች «የኔ ቢጤ» ይሉታል። ቢጤ ማለት እኩያ፥ መሰል ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ባለጠጋ ነጋዴ «የኔ ቢጤ መጥቷል፤ ቁራሽ አምጡለት» ባለ ጊዜ፥ «እኔን የሚመስል ሰው መጥቷል» ማለቱ ነው። ይህን ሲል ብዙ ጊዜ አያስተውለውም። ነገር ግን በፎገራ ሜዳ ቃሉ እውነት ሆኖ የታየበት ጊዜ አለ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከመጠን በላይ ሞልተው ሜዳውን አጥለቀለቁት፤ የጣና ሐይቅም ሞልቶ ነበር። ያን ጊዜ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ እህሉንና ከብቱን በውሃ ተነጥቆ ከቤቱ ወጣ። ትናንት ጐተራው የሞላ ሰው ዛሬ እርዳታ የሚጠብቅ ሆነ። ደግሞም በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በጦርነቱ ምክንያት ከጋይንትና ከወሎ ብዙ ሰዎች ሸሽተው ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ባሕር ዳር መጡ። ከእነርሱ መካከል የራሱ በሬ የነበረው ገበሬ፥ ሱቅ የነበረውም ነጋዴ ነበረ።

የሚለምን ሁሉ አንድ ዓይነት ሰው አይደለም። በጐንደርና በጐጃም አገር የቆሎ ተማሪ የሚባለው ልጅ ከወላጆቹ ርቆ ዜማ ወይም ቅኔ ይማራል። ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ ለውሻ መከላከያ በትር ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል። ይህ ልመና ቅፈፋ ይባላል። ልጁ የሚለምነው ሥራ ጠልቶ ሳይሆን ትምህርቱ ሥራው ስለ ሆነ ነው። ያገሩ ሕዝብም ትምህርት ቤቱን በቁራሽ እንጀራ ሲቀልብ ኖሯል ማለት ይቻላል። ሐሚና ወይም ላሊበላ የሚባሉት ደግሞ ገና ሳይነጋ ከደጅ ቆመው ባለቤቱን በዘፈን ያወድሳሉ፤ ካልሰጣቸውም ይሰድቡታል። እነዚህ ሰዎች ልመናውን የተዉ እንደ ሆነ የሥጋ ደዌ ይይዘናል ብለው ያምኑ እንደ ነበረ ይነገራል። ነገር ግን የሥጋ ደዌ የሚመጣው ዘፈንን በመተው አይደለም። በዐይን ከማትታይ ተሐዋስ የሚመጣ በሽታ መሆኑን ሐንሰን የተባለ የኖርዌይ ሐኪም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1873 ዓ.ም. አገኘው።

ለለማኝ ገንዘብ አይሰጥም የሚሉ ሰዎች ምክንያት አላቸው፤ ምክንያታቸውም ሊናቅ አይገባም። «የሰጠሁትን በጠላና በዐረቄ ይጨርሰዋል» ይላሉ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው በእርግጥ አለ። ሁሉ እንዲህ ያደርጋል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ጥርጣሬ በባለጠጎች አገርም ስላለ፥ በካናዳ አገር ቫንኩቨር በምትባል ከተማ ሊቃውንት ነገሩን ፈተኑት። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. ጀምረው ቤት ከሌላቸው ሰዎች 50 መርጠው፥ ለእያንዳንዱ 7,500 የካናዳ ዶላር በአንድ ጊዜ ሰጡ፤ በምን እንዳዋለውም አንድ ዓመት ተከታተሉ። ገንዘብ ያልተሰጣቸውን ሌሎች ሰዎችም ለማነጻጸር ያዙ። ገንዘቡን የተቀበሉት ሰዎች በጐዳና ያሳለፏቸው ቀኖች ከሌሎቹ ያነሱ ሆኑ፤ ለመጠጥ ያወጡትም ገንዘብ አልጨመረም። ብዙ ሰዎች አስቀድመው የገመቱት ይህን አልነበረም። ሆኖም የተመረጡት ሰዎች የመጠጥና የአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ያልጸናባቸው ነበሩ፤ የተሰጣቸውም ቤት የሚያስከራይ ገንዘብ እንጂ አንድ ሳንቲም አልነበረም። ስለዚህ ሱስ የጸናበትን ሰው በሚመለከት ጥያቄው እንዳለ ይቀራል። ማስቲሽ የሚያሸት የጐዳና ልጅ ብር ቢሰጡት ማስቲሽ ሊገዛበት ይችላል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ትልቅ ሰው ወደ ሻይ ቤት ወስዶ ዳቦና ሻይ ቢያዝለት፥ አጠገቡም ተቀምጦ ስሙንና አገሩን ቢጠይቀው ይሻላል። ዳቦው ረኀቡን ያስታግሣል፤ ወሬው ደግሞ እናቱ የት እንዳለች ሊያስታውቅ ይችላል።

ሌሎች ደግሞ «ድኻ መስሎ የሚያታልል ብዙ ነው» ይላሉ። ይህ ክርክር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ዮሐንስ አፈ ወርቅ በአራተኛው መቶ ዓመት በአንጾኪያ ሲያስተምር፥ መጽዋች ለማኙን እንደ ዳኛ እንዳይመረምረው ይመክር ነበር። በእስልምናም ሁለት ዓይነት ስጦታ አለ። አንዱ ሰደቃ ነው፤ ይህን ሰው በፈቃዱ ይሰጠዋል። ሁለተኛው ዘካ ነው፤ ይህ ግዴታ ነው፤ ዘካ የሚሰጣቸውም ሰዎች ስምንት ወገን ሆነው ተለይተው ተቈጥረዋል። ሳይመረምሩ መስጠትና መርምሮ መስጠት ሁለቱም ከጥንት ጀምረው የነበሩ ናቸው፤ አንዱም ሌላውን አላስቀረውም። በእውነቱ ለአንድ ብር ብሎ ሰውን በገበያ መካከል እንደ ሌባ መመርመር የማይገባ ነገር ነው። የሚታለል ሰው የሚያጣው አንድ ብር ነው፤ ሳይበላ ያደረ ሰው ተጠርጥሮ ሲመለስ ግን የሚያጣው እራቱን ነው። ብዙ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ግን ሊጠይቅ ይገባዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ይህ ሰው ወደዚህ ያደረሰው ምንድር ነው?

በደቡብ ጐንደር የዐይን ማዝ ወይም ትራኮማ የሚባለው በሽታ ብዙ ሰው አሳውሯል። በሽታው በእጅ፥ በጨርቅና ከዐይናር ላይ በምታርፍ ዝንብ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ልጅን ደጋግሞ የያዘው እንደ ሆነ የዐይኑ ሽፋን በውስጥ በኩል ይቈስላል፤ ቍስሉም ጠባሳ ይሆናል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ጠባሳው ይሸበሸብና የሽፋኑን ጠርዝ ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን እንደ መርፌ ይወጋዋል። ሰዎች ይህን ፀጉር በወረንጦ እየነቀሉ ይታገሣሉ። ፀጉሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል፤ በመጨረሻም ብሌኑ ነጭ ይሆንና ብርሃኑ ይጠፋል። በዚህ በሽታ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይታወራሉ፤ በሽታው የሚኖረው በሕፃናት ዐይን ነውና፥ ሕፃናትን አቅፈው የሚውሉትም ሴቶች ናቸውና።

ብርሃኑ ሳይጠፋ የተደረሰላት ሴት ግን ትድናለች። የታጠፈውን ሽፋን የሚያቀናው ቀዶ ሕክምና ትንሽ ነው፤ በማደንዘዣ ይደረጋል፤ ለዚህ ሥራ የሠለጠኑ ነርሶችም በጤና ጣቢያ ያደርጉታል። በሽተኛዋም ዐይኗ ታሽጎ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ጊዜው ካለፈና ብሌኑ ከነጣ በኋላ ግን ይህ ሕክምና ብርሃንን አይመልስም። ሞራ ደግሞ ሌላ ነው። ሞራ ዐይንን ከውስጥ የሚጋርድ በሽታ ነው፤ በሞራ የታወረ ሰው ለዓመታት ሳያይ ቆይቶ እንኳ፥ ሐኪም ሞራውን አውጥቶ መስታወት የመሰለች ትንሽ ነገር በስፍራው ሲያኖርለት ብዙ ጊዜ ያያል። እንግዲህ በገበያ ዳር የምትቀመጥ አንዲት ዐይነ ስውር ባልቴት ዐሥር ዓመት ሙሉ ሳንቲም ተቀብላ፥ ሰጭዎቿም ሁሉ ደጎች ሆነው ሳለ፥ «እማማ፥ ዐይንዎን ሐኪም አይቶታል?» ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው እንኳ ሳይኖር ሊቀር ይችላል። ሳንቲሙ የዚያን ቀን ራቷ ሆኗል፤ ያን መጥላት አይገባም። ጥያቄው ግን ምንም ገንዘብ አይፈጅም ነበር።

የሥጋ ደዌም እንዲሁ ነው። በቀድሞ ጊዜ የሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ከወገኖቹ ተለይቶ በጠበልና በደጀ ሰላም እየለመነ ይኖር ነበር። ዛሬ ግን በሽታው በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም ያለ ዋጋ ይሰጣል። በአዲስ አበባ አለርት የሚባለው ሆስፒታል እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. የተቋቋመው ስለዚሁ በሽታ ነው። ከበሽታው የዳነ ሰው ጣቶቹ ላይመለሱለት ይችላሉ፤ በሽታውን ግን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ስለዚህ ሳንቲሙን ከሩቅ የሚወረውርለት ሰው ከምንም አልዳነም፤ ለማኙን ግን ከሌሎች ሰዎች ሁሉ ፊት አሳፍሮታል።

ስለ ሕፃናት የሚነገረው ከሁሉ ይከብዳል። በገበያ ዐይነ ስውሯን በበትር ጫፍ እየመራ የሚዞር ልጅ ይታያል። መንገደኛው በልጁ ያዝናል፤ ስለዚህ ከባልቴቲቱ ይልቅ በልጁ እጅ ብር ያኖራል። ያ ብር ሁለቱንም ያበላቸዋል። ዳሩ ግን ያው ብር ልጁ በገበያ መዋሉ እንደሚጠቅም ያሳያል። ሐሙስ የትምህርት ቀን ነው፤ ዐርብም እንዲሁ። በሐሙስ ገበያና በዐርብ ገበያ ዐይነ ስውር እየመራ የሚውል ልጅ ከሳምንቱ አምስት የትምህርት ቀን ሁለቱን ያጣል። ሁለት ቀን እየጐደለ ማንበብ የሚማር ልጅ ጥቂት ነው። ዘንድሮ ያልተማረ ልጅ በሚመጣው ዓመት ከታናናሾቹ ጋር መቀመጥ ያፍራል፤ ከዚያም ጨርሶ ይቀራል። ባልቴቲቱ ስታርፍ ልጁ በትር ብቻ ይዞ ይቀራል ማለት ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። ልጆችን ከባላገር «ከተማ ወስጄ አስተምራቸዋለሁ» ብለው ወስደው ለልመና የሚያሰማሩ፥ ማታም ያገኙትን የሚቀበሏቸው ሰዎች አሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው ሰውን ለብዝበዛ ማዘዋወርን የሚከለክል አዋጅ ይህን ወንጀል ያደርገዋል። ለእንዲህ ያለው ልጅ የተሰጠ ብር በልጁ ሆድ አያድርም። ልጅ ሲለምን ያየ ሰው ምግብ ቢሰጠው፥ ብርም መስጠት ቢፈልግ ለሚመራት ባልቴት በእጇ ቢሰጣት የተሻለ ነው፤ ልጁ ከማን ጋር እንደሚያድር የማይታወቅ የሆነ እንደ ሆነም ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ መናገር ይገባል።

ሰዎች በየስፍራው ከሳንቲም ያለፈ ነገር ሲሞክሩ ኖረዋል። ሰንበቴና ማኅበር ለድኻ ቁራሽ ያስተርፋሉ፤ ተዝካርም ነዳያንን ያበላል፤ ይህ ግን በዓል ሲመጣ ብቻ ነው። ከሐሙሲት ብዙም በማይርቀው በፎገራ አገር፥ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ በኩል አውራ አምባ የሚባል መንደር አለ። መንደሩን በ1964 ዓ.ም. ዙምራ ኑሩ ከባልንጀሮቻቸው ጋር መሠረቱት። የአውራ አምባ ሰዎች በእርሻና በሽመና ይኖራሉ። በመካከላቸው ልመና እንዳይኖር ወስነው፥ ለሽማግሌዎችና ለደካሞች መጦሪያ ቤት ሠሩ፤ ለእነርሱም የሚሆን የሥራ ቀን ለዩ። መሥራት የማይችል ሰው ወደ መንገድ እንዳይወጣ፥ መሥራት የሚችሉት አስቀድመው ይሠሩለታል ማለት ነው። ይህ በትንሽ መንደር፥ ሁሉ በሚተዋወቁበት ስፍራ ይቻላል። አዲስ አበባን በመሰለ፥ ጐረቤት ጐረቤቱን በማያውቅበት ከተማ ግን ይከብዳል።

በዚያም ቢሆን አንድ ሰው ጀምሮት የተስፋፋ ነገር አለ። አበበች ጐበና እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. ወደ ግሸን ማርያም በሄዱ ጊዜ፥ በረኀብ ከሞተች እናት አጠገብ ሕፃን አግኝተው ወደ አዲስ አበባ አመጡ። በኋላም ሌሎች ልጆች ጨመሩ። ባላቸው ስላልወደደ ቤታቸውን ትተው ወጡ፤ ነገር ግን ልጆቹን አልተዉም። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ብዙ ሺህ ሕፃናትን ረድተዋል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ቢንያም በለጠ መቄዶንያ የተባለውን መጦሪያ ጀመረ፤ በዚያ በጐዳና የወደቁ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ተነሥተው ይታጠባሉ፥ ይታከማሉ፥ ይጦራሉ። የአእምሮ ሕመም ላለበት ሰው ብር ብቻ መስጠት ከንቱ መሆኑን የሚያውቅ ሁሉ የዚህን ሥራ ዋጋ ያውቃል፤ ብሩን ጥሎት ይሄዳልና። መንግሥትም በ1997 ዓ.ም. በባላገር፥ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በከተሞች ሴፍቲኔት የተባለውን እርዳታ ጀምሯል፤ መሥራት የሚችል ድኻ ሠርቶ እንዲከፈለው፥ የማይችለውም ያለ ሥራ እንዲረዳ ተደርጓል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ እያለ በሐሙሲት መንገድ ዳር ዛሬም እጅ ይዘረጋል፤ ሐሙስ ሲደርስ ልጁ አሁንም ብሩን ጨብጦ ያልፋል።

የሚሰጠው ያለው ልጅ ሲሰጥ ጐንበስ ብሎ በእጅ ያኖራል፤ አይወረውርም። የሚሰጠው የሌለውም ዝም ብሎ ፊቱን አዙሮ አያልፍም። የአገሩ ሰው ለማኝን ሲመልስ «እግዜር ይስጥህ» ይላል፤ ለሽማግሌም «እግዜር ይስጥዎ» ይላል። ለማኙ ተቀብሎ ሲያመሰግን «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። የሚመልሰውም የሚያመሰግነውም ቃል አንድ ሥር አለው፤ የሚለያዩት በመጨረሻቸው ብቻ ነው። ሰው ቀኑን ሙሉ እጁን ዘርግቶ ሲውል ከሁሉ የሚከብደው፥ የሚያልፉት ሁሉ እንዳላዩት ሆነው ማለፋቸው ነው።

ዐይነ ስውሯን የሚመራው ልጅ ግን ገና እዚያው ገበያ ውስጥ ነው። ትምህርት በፈረቃ በሚሰጥበት ስፍራ ጧት ተምሮ ከቀትር በኋላ ሊመራት ይችላል፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት ገበያው ሊበተን ይቃረባል። ይልቁን በጧት ጨውና ሽንኵርት ይዛ ወደ ገበያ የምትወርድ ጐረቤት ባልቴቲቱን በእጇ ይዛ ብታመጣትና ከስፍራዋ ብታስቀምጣት፥ ልጁ ከትምህርት ቤት ደብተሩን ይዞ በቀጥታ ወደ ገበያ ሄዶ ማታ ወደ ቤት ሊመልሳት ይችላል። ጐረቤቷ መንገዷን አትለውጥም፤ እርምጃዋን ብቻ ጥቂት ታዘገያለች።